መዶሻው ሳይወርድ

ከአሽዶድ ወደብ ጀርባ፣ ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነው ሐራጅ፤
እኔ እዚያ ነኝ ተሸካሚው፣ ፍሪጅ አንሺ፣ ቁም ሣጥን አውራጅ።
ሕግ የተማርኩት በወገቤ፣ ዕቃ ሳነሣ ሳወርድ፣
ከናፍታሊ መዶሻ ሥር፣ ከፍ ሲል፣ ዘግየት ሲል፣ ሲፈርድ።

ማክሰኞ ዕቃው ወለል አለው።
ባለቤቱ ቁርጡን ዋጋ በብጣሽ ወረቀት ጽፎ
ለናፍታሊ ያቀብላል፣ አራት ቦታ አጣጥፎ።
ሰው ይጠራል፣ ሰው ይጨምራል፣ ላብ እስኪወጣው ይጋፋል፤
ቁጥሩ ወለሉን ካልነካ ዕቃው ወደ ቤቱ ያልፋል።
ሽማግሌ እንደ መላክ ነው፤ ቢደጋግሙት ደጅ ጥናት፣
አባት "እሺ" እስኪል ድረስ ልጅቱ የአባቷ ናት።

ሐሙስ ግን ወለል የለውም።
ሐሙስ አባት አስቀድሞ "ሰጥቻለሁ" ብሎ መጥቷል፤
አንድ ሰው አፉን ከከፈተ የመመለሻው በር ተዘግቷል።
ሺም ይሁን አምስት ሸቀል፣ የመጨረሻው ድምፅ ይወስዳል፤
"ረከሰብኝ" ብሎ ቢጮህ ጩኸቱ ከንቱ ይሄዳል።
ማክሰኞ የሀብታም ቀን ነው፤ የባለዕዳ ሐሙስ ይቀርባል፤
እንቢ ማለትም እንደ ሸቀጥ ለቻለ ብቻ ይሸጣል።

ያን ዕለት ሐሙስ ነበር።
ቁጥር አርባ አንድ፣ የስፌት መኪና። የእንጉዳይ።
የአርኖና ዕዳ አምጥቶት፣ በእኔው ጀርባ ላይ፣ ወይ ጉዳይ!
የወታደር ሱሪ ያሳጠረ፣ የሙሽራ ቀሚስ ያጠበበ፤
ነጩ ክር ከመርፌው ሳይወጣ ገበያ መሃል ቀረበ።

ሠፈሩ መጥቶ ቆሟል። አንድም ሰው አይናገር።
"አንድ ሸቀል!" ያለው ዛኑ ከሳሉ ጋር ይታገል ነበር።
ያኔ ገባኝ ዝምታቸው፤ ተማክረው ነው የመጡት፣
ወለል የለሹን ጉድጓድ መውጫ በር ሊያደርጉት።

"ሦስት መቶ!"
ከሆሎን የመጣ ነጋዴ፣ ስልኩን እያየ፣ ከኋላ።
ማንም አልጮኸም። ዞር ብለው አዩት። ሰባ ዓይን እንጂ የለም ሌላ።
ነጋዴው ዓይኖቹን አየ፣ መኪናውን፣ ክሩን አየና
"ተውኩት" አለ፣ ጉሮሮውን ጠራረገና።

ይቻላል። መዶሻው ሳይወርድ የጠራ ሰው ቃሉን ያጥፋል፤
በሩ ላይ በተለጠፈው ደንብ፣ ዘጠነኛው መስመር ላይ ተጽፏል።
አሥረኛውን ግን ማን አነበበ? ሠፈሩ ፈገግ ብሏል፣
የዛኑ አንድ ሸቀል ቆሞ የሚጠብቅ መስሎታል።
አይጠብቅም። "ሦስት መቶ" ሲባል ያን ጊዜ ሞቶ ነበረ፤
ገዳዩ ተሽሮ ቢሄድ፣ የሞተው እዚያው ቀረ።

ናፍታሊ ሰዓቱን አየ። ጠሪ ከሌለ ዕቃው ይነሣል፣
መጋዘን ይገባል ዳግም፣ ለሌላ ሐሙስ ይደርሳል።

ተሸካሚ አይናገርም። ይህም ደንብ ነው።
"ዛኑ! የቀድሞው ሞቷል! እንደገና ጥራ!" አልኩ ጮክ ብዬ፣
በአማርኛ፣ መኪናውን እንደ ልጅ አዝዬ።

"አንድ ሸቀል!"

መዶሻው ወረደ።

ሰው ሲበተን ናፍታሊ ጠራኝ፦ "ምን ነበር ያልካቸው?"
"ይከብዳል፣ አግዙኝ ነው ያልኩት።"
ብዙ አየኝ። ደረሰኝ ቆረጠ፣
የአንድ ሸቀል፣ ከነማህተሙ።
"ይከብዳል" አለ እርሱም።