ረጋ

ሀይፋ ውስጥ፣ ከወደቡ ጀርባ፣ በታችኛው ሰፈር፣
መዝጊያውን ጨው የበላው አንድ ድንጋይ ቤት ነበር።
ቀን ስለ ጠብታ መስኖ ስማር፣ ስጽፍ ውዬ፣
ማታ ሙዚቃ አማረኝ፤ ጫማዬን ወልውዬ
ሄድኩ። በስልክ ይዣለሁ፣ ከመድረኩ ፊት ለፊት፣
አንድ ወንበር ለአንድ ሰው፣ ለሐሙስ ምሽት።

"ስምህ?" አለኝ አስተናጋጁ፣ ዮታም ነው የሚሉት።
"አስቻለው።"
"አሻሎ?"
"አስቻለው" አልኩት።
በዝርዝሩ ላይ ጣቱን ቁልቁል ነድቶ አጣኝ፤
አባቴ ምን ታይቶት ነው ይህን ስም ያወጣልኝ?

ከምሰሶ ኋላ ጣለኝ፣ ከመጸዳጃው በር፣
ሰው በገባ በወጣ ቁጥር ክርን በሚነካ ወንበር።
ከመድረኩ የደረሰኝ የባሲስቱ ግራ እጅ ነው፣
ሸረሪት ይመስል በክሩ ሽቅብ ቁልቁል የሚለው።
ዘፋኟ ለኔ ድምፅ ናት፤ መልኳን ምሰሶው በላው፤
ስለ ባሕር ይሁን ስለ ባል፣ የምትለውን እሷ ትወቀው።

"ቢራ፣ እባክህ።"
"ረጋ!" አለኝ፣ ጣቶቹን ገጥሞ ወደ ላይ፣
ጉርሻ የጠቀለለ መስሎ፤ ጉርሻው ግን አይታይ።
ለእነሱ ረጋ ማለት "ቆይ፣ አንድ አፍታ" ነው አሉ፤
ለእኛ ግን ወተትም፣ አቧራም፣ ሰውም ይረጋሉ።
እኔም በሁለቱም ቋንቋ ታዘዝኩ።
ረጋሁ።

አንደኛው ዜማ አለቀ፤ ረጋሁ። ጭብጨባው ቀለጠ፤ ረጋሁ።
ከኔ በኋላ የመጡ አራት ጎረምሶች ጠጡ፣ ደገሙ፤ አየሁ።
የወይራ ፍሬ ቀረበላቸው፤ ሲተፉ አሥራ ሰባት ቆጠርሁ።
ይሄኔ ቢንጡኝ ቅቤ ይወጣኝ ነበር፣
ያን ያህል ነው የረጋሁ።

በመጨረሻ መጣ፦ ለብ ያለ፣ ሎሚ የተሰካበት፣
የማንም ያልሆነ ቢራ፣ አረፋው የሞተበት።
"ይሄ የኔ አይደለም" ስለው፣ "ረጋ" ብሎ ወሰደው፤
እንደወሰደው ነው።

አይ አገር! ለቲማቲም ሥር፣ በበረሃ መሐል፣
ውሃ በደቂቃ ተለክቶ በጠብታ ይደርሳል፤
ቀን ሙሉ ያስተማሩኝ ይህን ነው፣ ደብተሬ ምስክር፤
ምነው እኔንም ለአንድ ማታ ቲማቲም ባደረጉኝ ነበር።

ሂሳቡ ግን ክንፍ አውጥቶ መጣ፤ ማን "ረጋ" ይበለው?
ያልጠጣሁት ቢራ አለበት፣ ከሥሩ "አገልግሎት" የሚለው፣
አሥራ ሁለት በመቶ።
ልክ ያኔ ሌላው መሣሪያ ሁሉ ዝም አለ፤
ባሱ ብቻውን ቀረ፤ ያ እጅ ክሩ ላይ ተንጠለጠለ።
ዮታም ማሽኑን ዘርግቶ ከራሴ በላይ ቆሟል።
ጣቶቼን ገጠምኩ፦ "ረጋ" አልኩት።
ገብቶታል።

ቆመ። ትሪውን አወረደ፤ ምሰሶውን ተደገፈ፤
ከማታ ጀምሮ፣ ይመስለኛል፣ እግሩ ያኔ ገና አረፈ።
"ማነው ባስ የሚመታው?" ስለው፣ አንገቱን ሰገግ አድርጎ፣
"እኔ እንጃ" አለኝ። "ሦስት ወሬ ነው እዚህ፤
አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።"

ቢራውን ከሂሳቡ አልሰረዘም፤ እኔም አልለመንኩ፤
ከፈልኩ።

ደጅ፣ ከመንገዱ ጥግ፣ የሕዝብ ቧንቧ አለ።
ጎንበስ ብዬ ቁልፉን ተጫንኩ።
ፈሰሰ፤ "ረጋ" አላለኝም።