ሦስተኛው ሳጥን

ሐኪሟ ቅጽ ሰጠችኝ፣ እርሳስም አብራ፤
«ዝም ብለህ ሙላው፣ ምንም አትፍራ።»
ከመስኮቱ ውጭ ጎንደር ዝናብ ጠግባ፣
የማራኪ ዳገት በጉም ተሸብባ፣
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ያልለቀቀኝ ነገር
ዛሬ በወረቀት ሊሰፈር፣
በሳጥን ሊቆጠር።

«አባትህ ያቅፍህ ነበር?
ሁልጊዜ። አንዳንዴ። ፈጽሞ።»

እጄ አላመነታም፤ ሦስተኛውን መረጠ፣
ጫፉ እስኪሰበር እርሳሱን ረገጠ።

አባቴ ሲራክ፣ የፒያሳው ፖስታ ቤት፣
ማኅተም ሲመታ የኖረ ሃያ ስድስት ዓመት፤
የሰው ናፍቆት፣ የሰው ሰላምታ
በእጁ ሲያልፍ ውሎ፣ ማታ
ለእኔ የሚደርሰው የሳሉ ድምፅ ነበር፣
ኮቱን ሰቅሎ፣ ሬዲዮ ከፍቶ፣ ፊቱን ወደ በር።
እናቴ እናኑ ደግሞ፦ «አትውጣ፣ ይበርድሃል፤
ቀሃ ድርሽ እንዳትል፣ ውኃው ይወስድሃል።»
በእሷ ሥጋት ታስሬ፣ በእሱ ዝምታ ተፈትቼ፣
ይኸው በሠላሳ አራቴ፣ በጠራራ ቀትር ተኝቼ።

ይህን ነበር የማውቀው።

ትርንጎ ግን፣ አብራኝ የመጣችው ታላቄ፣
ቅጹን ሰረቅ አድርጋ አይታ፦
«ፈጽሞ?
ከደምቢያ ወባ ይዘህ የመጣህ ክረምትስ?
መኪናው አዘዞ ላይ ቆመ። ሌሊት ነው።
አዝሎህ ነው ዳገቱን የወጣው፣ እያለከለከ፤
አንዱ ጫማው ጭቃ ውስጥ ቀረ፣
ተመልሶ እንኳ አላነሣውም።»

አንድ ቤት፣ አንድ የሚያፈስ ቆርቆሮ፣
ሁለት ሲራክ።

ወይስ ይህ ደባል፣ ኪራይ የማይከፍል፣ ደረቴ ላይ የከረመ፣
የአባቴን ፎቶ ሁሉ አንድ በአንድ አጨለመ፣
ጀርባውን ደብቆ ሳሉን ብቻ ተወልኝ?
ወይስ ያ ሳል ራሱ ነው
አድጎ፣ ጎርምሶ፣ ደባል የሆነኝ?

ዓይኔን ጨፈንኩ። ያን ሌሊት ፈለግሁት።
አልመጣም።
የመጣው ሽታ ነው፦ የማኅተም ቀለም፣
ዝናብ የጠጣ የሱፍ ኮት።
የረጠበ ሱፍ እንዲህ ለማሽተት
አፍንጫ ከሰው ማጅራት
ስንት ጣት መራቅ አለበት?

ላጲስ ለመንኩ። ብፍቀው፣ ብፍቀው
ወረቀቱ ሳሳ፤ ምልክቱ ግን አለ፣
ገርጥቶ። «አንዳንዴ»ን አልነካሁትም።
እንዲያው ሰጠኋት።

ዛሬ ማታ እዚያው ቤት ነኝ። ደባሌም አለ።
ሬዲዮው ዜና ያነባል። አባቴ ያስላል።
«አባባ፣ የቀረው ጫማ
የግራው ነበር የቀኙ?» ልለው
አፌ ድረስ መጥቶ
እየተመለሰ ነው።