ተጣጣፊ ሜትር

በዚህ አገር ሐምሌ ክረምትነት የለው፤
ዝናቡን ረስቶ፣ ፀሐይ ነው የሚያዘው።
ቬርኔ የምትባል አንዲት ትንሽ መንደር
ቆጧን ልታራግፍ ወርዳለች ከወንዝ ዳር።

ገና ጤዛው ሳይረግፍ ጠረጴዛው ቆሟል፦
የሟች ሳህን፣ የሟች ማንኪያ፣
አንድ እግሩ የጎደለ ወንበር፣
በር የሌለው ቁልፍ በኪሎ፣
የማን እንደሆነች የማትታወቅ ሙሽራ
ከመስታወት ኋላ ፈገግ ብላ፣ በሁለት ዩሮ።
«ዋጋው የፍሬሙ ነው» አለኝ ሻጩ፤
«ሴትዮዋ በነፃ።»

ከሜዳው ማዶ ደግሞ የድሮ ቀን በዓል፤
የእንፋሎት መውቂያው ጢሱን እየተፋ ስንዴ ይበላል።
ጎረምሶች የአያት ሰደርያ፣ የእንጨት ጫማ ተውሰው
ነዶ ያቀብላሉ፣ ስልካቸውን ኪስ ውስጥ ደብቀው።
ሰው ያጨብጭባል።
ሽማግሌው ሌዎንስ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ፦
«እኔ ስወቃ ለሆዴ፣ ሳንባዬ አቧራ ሲጠጣ፣
አንድ እጅ አላጨበጨበ፤ አንድ ጥሩንባ አልወጣ።»
ሣቀና
እሱም አጨበጨበ።

ስሟን «ጊሌን» ብላ በካርቶን ከጻፈች ሴት
አንድ የአናጢ ሜትር አነሳሁ፤ ቢጫ፣ መታጠፊያው የላላ።
«ስንት ነው?» «አምስት።» «የመጨረሻው?»
(ይህን ጥያቄ በየትም አገር አልተውም።)
«ሦስት» አለች፤ «ባሌ የሚለካው አልቋል።»

ከሰዓት በኋላ፣ በደወሉ ግንብ ጥላ፣
ክንፍ በክንፍ ዘረጋሁት።
ሰማንያ ሁለት ላይ፣ በእርሳስ፦ ኦዲል፣ የፋሲካ ዕለት።
ዘጠና ስድስት ላይ፦ ኦዲል፣ ያለ ጫማ።
መቶ አራት ላይ፦ ኦዲል፣ በእግሯ ጣት ቆማ፤ አጭበርብራለች።
ከመቶ አራት በላይ
ቁጥር ብቻ።

ተነሥቼ ሮጥኩ።
ሜዳው ባዶ፤ መኪኖቹ ሄደዋል፤
መውቂያው ሸራ ለብሶ እንደ ደከመ ፈረስ ይተነፍሳል፤
ሌዎንስ ገለባ ይጠርጋል፣ ማንም ሳያየው።
«ጊሌንስ?»
«እንጃ፤ የዚህ ሰው አይደለችም።»

ጠረጴዛዋ የነበረበት ሣር እንደተኛ ነው፤
አራት ማዕዘን፣ ገርጥቶ።
የማደርገው ጠፋኝ።
ተንበርክኬ ለካሁት፦
አንድ ሜትር ከሰማንያ፣ በስልሳ አምስት።
እርሳስ አልያዝኩም፤
ከእንጨቱ ላይ በጥፍሬ ጫርኩ።

ጠዋት ሣሩ ይነሣል።