መግቢያ ሃያ ብር

ከጆንጁ ነው አመጣጧ፤ እጇ የሸክላ እጅ፣
ለጥንት ቤቶች ጣራ ክዳን የምታበጅ።
ሶዮን ነው ስሟ። ገና ከታክሲው ስትወርድ
ዓይኗ ሽቅብ ወጣ፣ ጣራ ለጣራ ሊንጎራደድ።
«አሮጌውን ከተማ አሳየኝ» አለችኝ።

እኔ አስጎብኚ ነኝ፤ ባጅ አለኝ ባንገቴ፣
ፒያሳን የማውቃት እንደ ገዛ ቤቴ፤
(የገዛ ቤቴማ አሁን ኮንዶሚኒየም ነው፣
ሁለት አውቶቡስ ነው፣ ሰልፉን ማን ቆጠረው።)

ከራስ መኮንን ድልድይ ሽቅብ ጀመርንና
«እዚህ ነበር» አልኳት ጣቴን ቀሰርኩና፤
«የአርመኑ ሰዓት ሠሪ እዚህ ጋ ነበር፣
እዚያ ባለ ፎቁ፣ አበባ የተቀረጸበት በር፤
እዚህ ልብስ ሰፊው፣ እዚያ ዳቦ ቤቱ፣
ሽታው የሚቀሰቅሰን ሳይነጋ ሌሊቱ።»
አጥሩ አረንጓዴ ቆርቆሮ። ከአጥሩ ኋላ ሣር፣
ከሣሩ ኋላ አዲስ መብራት፣ ቀጥ ያለ እንደ ወታደር።
ደብተሯን አወጣች። አንድ ቃል ጻፈች።
«‹ነበር› የሰፈሩ ስም ነው?» ብላ ጠየቀች።

«አዎ» ልላት ቃጣኝ።

ስልኳን ሰጠችኝ፤ ያገሯ ሰፈር ነው፣
ጥቁር ጣራ በጣራ ላይ የተደራረበው፤
ጠርዙ ቀና ብሎ አሞራ ይመስላል፣
ልብረር ይልና፣ ነገ ይሁን ይላል።
«ስንት ዘመኑ ነው?» አልኳት፣ ቅናት አንቆኝ።
«የቱ? ያኛው ጥግ? አምና ነው፣ የሠራሁት እኔ ነኝ።
ሸክላ ይሰበራል። እኛም የለመድነው
የተሰበረውን ቆጥሮ መተካት ነው።
ያረጀው እጁ ነው። ክዳኑ ልጅ ነው።»

ከአጥሩ ክፍተት ወዲያ፣ ብሎኬት ላይ ጉብ ብለው
ጋሽ ይፍሩ ነበሩ፣ ኮት በኮት ደርበው፤
ጉልበታቸው ላይ፣ ዝገት ጠርዙን የበላው፣
የቤት ቁጥር ሰሌዳ፣ በመሐረብ የሚወለውሉት።
ቀና ብለው አላዩንም።
«መግቢያ ሃያ ብር።»
«ጋሼ፣ ምን ልትገባ?» አልኳቸው በለሆሳስ።
«ቤት ነዋ!»
ሶዮን ከፈለች።

ተነሡ። በከዘራቸው አየሩን ነካ ነካ አደረጉት፤
«በሩ ይኼ ነው። ዝቅ በይ፤ ጉበኑ አጭር ነው፣
ስንቱን ኩራተኛ ግንባሩን የመታው!»
ተረጎምኩላት። ቆመች። ጎንበስ አለች።
ጫማዋን አወለቀች፤
ጎን ለጎን አኖረቻቸው፣ ከሌለው ደፍ ሥር፣
ከዚያ አንገቷን ሰብራ፣ ለሌለው ጉበን፣
በካልሲ ገባች። ርጥብ ሣር።

«ይኼ ሳሎን። እዚህ ወንበሩ፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ፤
እዚህ ታናሼ በኩፍኝ የተኛበት፣ ሰኔ ሳይወጣ ያረፈ፤
በዚህ መስኮት የጊዮርጊስ ደወል ይገባል፣ ሳያንኳኳ፤
በዚህ ግድግዳ ወይዘሮ አጸደማርያም ትሰማናለች፣ ማንኪያ ሲንኳኳ።»

«ጣራውስ?» አለች ሶዮን።
«ቆርቆሮ። ክረምት ሲገባ እዚህ ወሬ የለም፤
ዝናቡ ይናገራል፣ እኛ አናቋርጠውም።»
ሽቅብ እያየች ቆየች። ሰማዩ አንድ ደመና የለውም።
የሰማች ትመስላለች።

እኔ ሰዓቴን አየሁ፤ ቀጠሮ አለን ሙዚየም።
«እንሂድ እንጂ» ብዬ አንድ ርምጃ ስቀድም
ከዘራው ተነሣ፦
«አንተ! በግድግዳ ነው እንዴ የምትገባው?
ዞረህ በበሩ ና። ሃያ ብርህንም አውጣው።»

ዞርኩ።
የጫማዬን ክር ስስበው ውሉ ጠፋብኝ።
ጋሽ ይፍሩ፣ ከውስጥ ሆነው፣
«ስትገባ በሩን ዝጋው፤ ብርድ ነው» አሉኝ።