ለስልኩ ወንበር

ማክሰኞ ጠዋት፣ ሚጽፔ ራሞን፣ ነፋሱ በር ይደበድባል፤
ዋልያ መሳይ የበረሃ ፍየል ከፌርማታው ጥላ ተኝቷል።
ቤርሳቤህ ሰማንያ ኪሎ ሜትር፤ ሐኪሙ ያለው እዚያ ነው፣
የአባ ድረስ ጉልበት ግን ከፌርማታውም አያደርሰው።

ስለዚህ እኔ እመጣለሁ፣ ከክሊኒኩ ስልክ ይዤ፣
ሁለት ቋንቋ በአንድ ጉሮሮ፣ ቻርጀር በክንዴ ጠምዝዤ።
የመጀመሪያ ቀን ከስኳር ዕቃው ባስደግፈው፣ "ተይ!" አሉኝ፤
"ሐኪም ገበታ ላይ ይወጣል? ወንበር አምጪለት፣ አታሳፍሪኝ።"
አመጣሁ። ትራስ ደረብሁለት። ቀና አለ ዶክተር ኖዓም፣
ፊቱ ከመዳፌ አይበልጥም፣ ድምፁ ከከንፈሩ አይገጥምም።

"ምን ይሰማዎታል?" አለ። ወደ አማርኛ መለስሁ።
"ልቤ ተንጠልጥሎ አደረ" አሉ። እንደ ወረደ አሻገርሁ።
ዶክተሩ ተነሥቶ ቆመ፤ "ከመቼ? ግራ ክንዳቸውን ይወጋቸዋል?
ላብስ አላቸው? አምቡላንስ ልጥራ?" — "ምን ሆኖ ይጮኻል?"
"ልብዎ ታሞ እንደሆነ ነው።"
"ልቤማ ምን ሆነ! ዮታም ከጦር ሰፈር ሦስት ሌሊት ሳይደውል ቀርቶ ነው።"
አፌን ያዝሁ። ጥፋቱ የእኔ፤ ቃሉን ብቻ ተሸክሜው
ተሻግሬ፣ ሰውየውን ከወዲያ ማዶ ትቼው።

ላስረዳው ስል ምስሉ ደረቀ፤ አፉ እንደተከፈተ፣
ቅንድቡ ሽቅብ እንደቀረ፣ ነፋሱ መስመሩን እየጎተተ።
"ሞተ እንዴ?" አሉ አባ ድረስ፣ ከመቀመጫቸው ብድግ ብለው፤
"ምስኪን! እኔን ሊያድን መጥቶ፣ እሱን አስቀደመው?"
እሳት እንደምትጭር ጎረቤት ስልኩን ይዤ ቤቱን ዞርሁ፤
ጓዳ የለም፤ ሳሎን የለም፤ መስኮቱ ጋ ሁለት ሰረዝ አገኘሁ።

"ቆይ" አለ የተመለሰው ድምፅ፣ "እንዳትንቀሳቀሺ፤
ከኋላሽ ያለውን መጋረጃ ወደ ጎን አሽሺ።"
ዘጠኝ ካርቶን የግፊት ክኒን፣ እንደ ጡብ የተካበ፣
በየወሩ የተረከቡት፣ በየወሩ የተሰበሰበ፣
አንዱም ጫፉ ያልተነካ።

አምና በእግራቸው ሲመጡ፣ "ክኒኑን ይወስዳሉ?" — "እሺ።"
"ከቁርስ በኋላ?" — "እሺ።"
ኮምፒውተሩም "ይወስዳል" ብሎ ጻፈ፤ ማን ነግሮት፣
እሺ አንዳንዴ እምቢ መሆኑን፣ ይሉኝታ ካባ ደርቦለት።

"ለክፉ ቀን ነው" አሉ፣ ዐይናቸውን ከስልኩ መልሰው፤
"ገዳሪፍ፣ ድንኳን ውስጥ፣ አንዲት ፍሬ ለአራት ልጅ ቆርሰን ያቃመስን ሰዎች ነን፣ ምነው?
ለአራተኛዋ ፍርፋሪው ነበር የደረሳት።"
ከዚያ ወዲያ አልተናገሩም። ስሟን አልጠየቅሁም፤ አልጠሯት።

ይህንን ማሻገር ረዘመ። በዕብራይስጥ ሁለት ጊዜ ጀምሬ ተውሁት።
በሦስተኛው ደረሰ። ዶክተሩ ዝም አለ። መስመሩ የጠፋ መስሎኝ ስልኩን ነካሁት።
አልጠፋም።
"ንገሪያቸው" አለ ቀስ ብሎ፣ "ክፉው ቀን ከውጭ አይመጣም፤
ደም ሥራቸው ውስጥ ተቀምጧል፤ ሲገባም በር አያንኳኳም።
ካርቶኑ ሲያልቅ ሌላ አለ፤ በየወሩ እፈርማለሁ።"
አባ ድረስ "እሺ" አሉ።
የትኛው እሺ እንደሆነ እስከ ማክሰኞ ጠበቅሁ።

ስመለስ አንዱ ካርቶን ተከፍቷል። ስምንቱ እንደተካበ ቆሟል።
ሰባት ቀን፣ አምስት ክኒን። ይሁን፤ ይቆጠራል።
ዮታም ደውሏል። ወንበሩንም መስኮቱ ሥር ቀድመው አኑረውት፣
ትራሱን አራግፈው፣ ብርቱካን ልጠው ለሁለት ከፍለውት፣
ግማሹ ከስልኩ ፊት።

"አባ፣ አይበላም እኮ።"
"ይየው ብቻ። ማሳየትም መጋበዝ ነው።"

ዶክተሩ ሲሰናበት ድርሻውን እኔ በላሁለት።
የሥራ ሰዓት መዝገቤ ላይ ምን ብዬ ልመዝግብለት?