የኩሽኔት ግጥም

ፊንላንድ፣ ሃያ ሁለት ከዜሮ በታች፤ ጥር ነው ወሩ፣
ሐይቁ ጀልባችንን እንደ ሞርሳ ጨብጧል ከዳሩ።
ልጄ ታይሚ ገባች፣ ጓንቷን በጥርሷ ነክሳ፣
አዲሶቹን ኩሽኔቶች ከጥዱ ሥር ቀብራ በጣሳ።
"እዚያው ይቆዩ" አለች፣ "ብርዱ ያኮማትራቸው፤
ሲኮማተሩ ነው ቤቱ ልክ የሚሆናቸው።"

ሀብታም ቡድኖች መጫኛ ማሽን አላቸው፤ የኛ ሀብት ብርድ፣
ብርድና እንጨት ነው፤ አንዱ የሚያጠብብ፣ ሌላው የሚያሰፋ ሲነድ።
ሳውናው ግሏል። የዛሬው እሳት ግን ለገላ አይደለም፤
ድንጋዩ ላይ የተጋደመው ቸርኬ ነው፣ ባዶ አሉሚኒየም።
አባቴ ኦይቫ፣ ሰማንያ ዓመቱ፣ ፎጣ አገልድሞ መጥቶ፣
ቸርኬ ከቦታው ተኝቶ ቢያይ፣ ተመለሰ በሩን ዘግቶ።

ላስተምራት አፌን ስከፍት ቀደመችኝ፤ ከኅዳር ጀምሮ አጥንታ፦
"መጀመሪያ ቀለበቷ፣ በጉጠት ከጎድጓዷ ተፈትታ፤
ከዚያ መሃል ያለችው ቱቦ፣ ትንሽ ገፋ ወደ ጎን፤
የውስጡ ከንፈር ብቅ ሲል መምታት፣ ግን እኩል በየወገን፤
ባንድ በኩል የተጎሸመ ይዛነፋል፣
የተዛነፈ ቤቱን ይፍቃል።"

በወፍራም ጓንት አወረደችው። ምራቅ ጠብ አረገችበት፤ ቸስ አለ።
ሦስቴ መታች።
በአራተኛው አሮጌው ኩሽኔት እግሯ ሥር ተንከባለለ።
አነሳችው፣ በጣቷ ሰክታ ጆሮዬ ሥር አሽከረከረች፤
አሸዋ የሚቆረጥም ጥርስ ነው። አየችኝ፤ ምንም አላለች።

አምና ሐምሌ። በሁለት ውድድር መሃል፣ ዐሥራ አምስት ደቂቃ ሲቀረን፣
ገጣሚው እኔ ነበርኩ፤ ጥድፊያ ነበር የሚነዳን።
ቱቦዋን ከዳቦ መጠቅለያ ሥር ረሳኋት፤
ዳዶውን ግን ክንዴ እስኪዝል አጠበቅኩት።
ቱቦ ከመሃል ሲጠፋ ኩሽኔቶች ይገፋፋሉ፤
ሽማግሌ እንዳጡ ባላንጣዎች ይናከሳሉ።
ሦስተኛው ጥምዝ ላይ ጎማው ቆመ፤ ካርቱ አልቆመም።
የእጇ አንጓ ሲሰበር፣ ከሞተሩ ጩኸት፣ አልሰማሁም።
የቸኮለ አፍስሶ ይለቅማል ይባላል። እኔም ለቀምኩ፣ ተንበርክኬ በሣሩ፦
ዘጠኝ ኳስ። ዐሥረኛዋ እስከ ዛሬ እዚያው ናት፣ ከአፈሩ።
እናቷ ኬርቱ አልወቀሰችኝም፤ ይሄ ነው የከፋው፤
ካርቱን በሸራ ሸፈነች። ያን ሸራ ታይሚ ናት ያነሳችው።

"ኪስህ ውስጥ ያለችውን" አለች አሁን፣ መዳፏን ዘርግታ።
እንዴት አወቀች? ከሱሪ ሱሪ ሳዛውራት፣ ጠዋት ማታ፣
ያችን የአውራ ጣት ቁመት ቱቦ፣ ማንም ያየኝ አልመሰለኝም።
ሰጠኋት። እንባዬ ሊመጣ ሲል፣
"ጥረጋት" አለች፣ "ንጹህ አይደለችም።"

ጣሳውን ከደጅ አመጣች፤ ኩሽኔቱ ጣት ይነክሳል በብርዱ፤
ቸርኬው ዳግም ግሏል፤ ለአንዲት ደቂቃ ብቻ ነው የሚዋደዱ።
"ካስፈለገ የውጩን ከንፈር" አለች፣ "የውስጡን መምታት መግደል ነው።"
መዶሻው ግን አላስፈለገም። ለቀቅ ስታደርገው
ሰመጠ፤
ግጥም አለ፤
ቤቱን እንደሚያውቅ ስንኝ፣ ማንም ሳይጎትተው፣ ቦታው ላይ ዋለ።
ቱቦዋ ተከተለች፤ ቸርኬው ተገለበጠ፤ ሁለተኛው ወረደ፤
ቀለበቷ ጠቅ አለች፤ ያኔ የያዝኩት ትንፋሽ ሄደ።

ሲበርድ ዘንጉ ላይ ሰክታ አዞረችው። ጆሮዬን አስጠጋሁ።
ምንም።
በዕድሜዬ እንዲህ የጠራ ምንም አልሰማሁ።

ከዚያ፣ ቁልፉን ስታነሳ፣ አንጓዋን አዞር አደረገች፤ ጠቅ አለ።
"ይሄኛው አይቀየርም" ብላ ሳቀች። እኔ ሳቅ ጠፋኝ፤ ጎማው መዞሩን ቀጠለ።

በሩ ተንኳኳ፤ ኦይቫ ነው፣ ፎጣው በጭንቅላቱ፦
"ቸርኬው ታጥቦ ከጨረሰ እኔም ልግባ፤ ሳይጠፋ እሳቱ።"