ሊፈታ የተሰፋ

ሰኞ ገበያ ላይ፣ ጉሙ ሳይገፈፍ፣
ጦሳ ፊቱን ሸፍኖ ከራስጌያችን ሲያርፍ፣
ዘይነባ ቦንዳዋን በቢላ ቀድዳ
የሰው አገር ልብስ ስትዘረግፍ ሜዳ፣
ከጂንሱ፣ ከሹራቡ፣ ከካናቴራው ክምር
አንድ ጥቁር ጨርቅ ሾልኮ ወጣ እንደ ምስጢር።

አዝራር የለው፣ ኪስ የለው፣ አንገቱም እንጃለት፤
እጅጌው ከረጢት ነው፣ እህል የሚያዝበት።
«የቄስ ነው» አለ አንዱ። «የካራቴ ነው» አለ
አንድ ሊስትሮ፣ እግሩን ወደ ሰማይ እየሰቀለ።
ሣቁ ሲበረክት ዋጋው እየወደቀ
በሰዓዳ እጅ ገባ፤ በሁለት መቶ ብር አለቀ።

ወደ እኔ አመጣችው። «ጋሽ ይመር» አለችኝ፣
«የእህቴ ሠርግ ደርሷል፤ ቶሎ አድርስልኝ።
እጁን ቁረጥና ጎኑን አጥብበው፣
ፊት ለፊቱ ዚፕ ይሁን፤ ዘመናይ አድርገው።»

ሠላሳ ስምንት ዓመት ከጨርቅ ጋር ኖሬአለሁ፤
ፖሊስተርን በክብሪት፣ ሱፍን በሽታ እለያለሁ፤
የኮምቦልቻን አቡጄዲ ዓይኔን ጨፍኜ አውቃለሁ።
ሐርን የማውቃት ግን በጎረቤቴ ማተብ ነው።
የሻከረ ጣቴ ክሩን ሲመዝዘው
አፈርሁ፤ እጄን ታጥቤ መጥቼ
ገለበጥሁት።
ገልብጬው ቀረሁ አፌን ከፍቼ።

ከላይ ዝምታ ነው፤ ከውስጥ ሐይቅ ተኝቷል፤
ማዕበል በማዕበል ላይ እንደ ዓሣ ቅርፊት ተደርቧል፤
አንገተ ረጅም ነጭ ወፎች ወደ ብብቱ ይበርራሉ፤
የዔሊ ጀርባዎች፣ ወይስ የማር ሰፈፍ፣ ጎን ለጎን ተያይዘዋል፤
ቅጠል ይሁን ኮከብ ስሙ ያልለየለት
ስድስት ጫፍ ያለው ነገር ትከሻው ሥር ሞልቶበት።

«የጃፓን ነው» አለኝ ጎረቤቴ አሊጋዝ፤
ፋብሪካ ሳለ፣ የሽመና ማሽን ሲጠግን ሲያግዝ፣
ካላንደር ላይ አይቶታል።
«ሌላውን አትጠይቀኝ» አለኝ።
በጀርባው፣ በደረቱ፣ በእጆቹ ላይ አምስት ነጭ ነጥቦች፤
እድፍ መስለውኝ ፈተግኋቸው፤ ለካ ማኅተም ናቸው፣ አበቦች።
የኛ ሰው ጥለቱን ከነጠላው ጫፍ ላይ ያውለዋል፤
ይህ ግን ማን ይባላል? ሰሙን ለመንገደኛ፣
ወርቁን ለገላው ሰጥቶ የኖረ አመለኛ?

መቀሴን አነሣሁ። መቀሱ እምቢ አለኝ።
አይ፣ ውሸት ነው፤ እምቢ ያልሁት እኔው ነኝ።
በመርፌ ጫፍ ስፌቱን አንድ ባንድ ፈታሁ፤
ክሩ ሳያጉረመርም ሲወጣ ጊዜ አየሁ፤
ላላ ብሎ፣ በእጅ፣ ሊፈታ ነው የተሰፋ፤
የሰፋው ሰው ፈቺውን አስቦ ነው የለፋ።

ብትኑን ዘረጋሁት፣ ከጠረጴዛው እስከ ወለል፤
ቀጥ፣ ቀጥ፣ ቀጥ ያለ፤ አንድ ማዕዘን የማይጎድል።
ብብቱ አልተጎረደ፣ አንገቱ አልተቀደደ፣
ጣት የሚያህል ቁራጭ ወደ ጥራጊ አልወረደ።
እኔ በየሳምንቱ አንድ ማዳበሪያ ሙሉ እጥላለሁ።
ወርዱን በክንዴ ለካሁ፤ ሸማኔያችንን አስታወስሁ፤
ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ መወርወሪያውን የሚቀበለው
እጁ እስከሚደርስ ነው።
የዚያኛውም ሰው እጅ እንዲሁ ነው።

ከስፌቱ ጎን ደግሞ የድሮ መርፌ ቀዳዳ፣
በተርታ፣ በተርታ፣ እንደ ጉንዳን የሚነዳ።
አንዴ ተፈትቶ ነበር፤ ለሌላ ተለክቶ፣
ምናልባት ለልጅ፣ አባቱ ሞቶ።

አልቆረጥሁም።
በፊተኛው ቀዳዳ መርፌዬን አስከትዬ
ለሰዓዳ ትከሻ አጠበብሁት፣ ዚፑን ለራሷ ጥዬ።
ተቆጣች። ግማሹን ከፈለች። ነጥቃኝ ሄደች።

እሑድ ኮምቦልቻ፣ ከድንኳኑ ስገባ፣
ሴቶቹ እልል ሲሉ፣ ሙቀቱ ሲያስነባ፣
ሰዓዳን አየኋት።
ገልብጣ ለብሳዋለች!
ማዕበሉ ውጪ፣ ወፎቹ ውጪ፣
አምስቱ ማኅተም ከጡቷ ሥር፣ ከጀርባዋ፣
ወርቁን ለመንገደኛ፣ ሰሙን ለገላዋ።

ልቆጣ ነበር። ሣቄ ቀደመኝ።
አንድ ቀን ሌላ እጅ ይፈታዋል፤
ክሩን ላላ አድርጌዋለሁ።